እትዬ ተጨማሪ ድልድይ ሲለኩ

«ማዶ ለማዶ ቆመን፣ ውኃ ቢለየን በመሐል፣
እም… እምም… እምምም…»

ይህች ዘፈን በእኛ ሰፈር ሙሉ ሆና ተዘፍና አታውቅም። የመጀመሪያዋ ስንኝ እንደ ንጋት ጠርታ ትመጣለች፤ ሁለተኛዋ በእንጉርጉሮ ተድበስብሳ ታልፋለች። እኔ ደግሞ ግማሽ ዘፈን ስሰማ ሆዴ የሚባባ ሰው ነኝ። ያቺን የጠፋች ስንኝ ሳስስ ስንት ጊዜ የጀመርኩትን ጽሑፍ ረስቼ በመስኮት ሳይ ውያለሁ! ዜማዋ ከታችኛው መታጠፊያ ብቅ ስትል ባለሱቁ ሬዲዮኑን ይቀንሳል። የሰፈራችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ግን ሚስቱን «የለም በያት» ብሎ ጓዳ ይገባል። እትዬ ተጨማሪ እየመጡ ነዋ!

በዓለም ላይ ስብሰባ የሚባል ነገር እስካለ ድረስ፣ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል እጁን የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ፀሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣው ሁሉ እጅም ከመሐል ወንበር ትወጣለች። ታውቁታላችሁ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ሰብስቧል፤ ሰዉ ከወገቡ ብድግ ብሏል፤ ከኋላ ያሉት በሩን ከፍተው አንድ እግራቸው ውጪ ነው። ልክ በዚህች ቅጽበት አንዲት እጅ እንደ ችግኝ ብቅ ትላለች። አዳራሹ አንድ ላይ «ኡፍ!» ይላል። ያቺ እጅ በእኛ ሰፈር የክብርት እትዬ ተጨማሪ እጅ ናት።

ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ሌላ ስም አለ፤ እሱን የሚያስታውሰው ግን መታወቂያቸው ብቻ ነው። ተነሥተው የሚናገሯት የመጀመሪያ ቃል «ትንሽ ተጨማሪ አለችኝ» የምትል ስለሆነች ሰፈሩ በዚያው ስም አጸደቀላቸው። «ትንሽ» የምትለዋን አትመኗት። የእሳቸው ትንሽ ተጀምራ እስክታልቅ ሰው አግብቶ ይወልዳል።

ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። ከወንዙ ዳር ባለችው ቤታቸው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው፣ ሜትራቸውን እንደ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የሰፈሩን መጋረጃና የተማሪ ልብስ ሲሰፉ ይውላሉ። መኖሪያ ቤቴ ከበረንዳቸው አጠገብ ነው። አንዲት ለስላሳ ሐረግ ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ትርርርርር የሚል ድምፅ በመሐሏ ያልፍባታል። በዚህ ጉዳይ ለማንም አቤት ያላልኩት፣ አቤት የሚባለው በስብሰባ ላይ ስለሆነና እዚያም እሳቸው ስላሉ ነው።

እትዬ ተጨማሪ ዓለምን የሚያዩት በጨርቅ ነው። መንገድ ለእሳቸው ወይ «ጠቦናል» ወይ «ሰፍቶናል» ነው፤ የተቆፈረ አስፋልት «ተተርትሯል»፤ በላዩ የተደረገው ጥገና ደግሞ «ከጨርቁ ጋር የማይሄድ ልጥፍ» ነው።

አንድ ጊዜ ከማዘጋጃ ቤት የመንገድ መብራት ኃላፊው ሊያወያየን መጣ። እሳቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰውየው እጁን እያወናጨፈ ሲናገር የእጅጌው ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች።

«የኔ ልጅ፣ እጅህን አምጣ» አሉት።

«አቤት?»

«አንተ ተናገር፤ እጅህን ግን ለእኔ አምጣ።»

መርፌና ክር ከደረታቸው አወጡ። ሰውየው በአንድ እጁ ማይክ ይዞ፣ ሁለተኛውን ለእትዬ አስረክቦ ንግግሩን ቀጠለ። ታዲያ ጨርሶ ሊሄድ ሲል እትዬ ገና ናቸው። ክሩ ከእጅጌው፣ መርፌው ከእሳቸው ጣት ነው። «ትንሽ ተጨማሪ አለችኝ» አሉት ቀና ብለው። «የታችኛው መታጠፊያ ላይ ያለው ምሰሶ አምፖል የለውም። መቼ ነው የምታበሩት?» በክር የታሰረ ሰው የት ይሸሻል? ቀን ቆርጦ ነገራቸው፤ እሳቸውም ያን ጊዜ ክሩን ቆረጡለት። መብራቱም በቀኑ በራ።

ሁልጊዜ ይሳካላቸዋል ማለቴ አይደለም። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አግዳሚ ወንበር ሲተከል «ረዝሟል፣ እግራችን ተንጠለጠለ» ብለው ተነሡ። ኮሚቴውን በየተራ እያስቀመጡ ከጉልበት እስከ ተረከዝ ለኩ። ለካ የጫማውን ተረከዝ አልቆጠሩትም ኖሯል። ወንበሩ እንደ ሱሪ አጠረ፤ ደግሞ አንዴ አጠረ። ዛሬ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱና ጆሮው ሲያወሩ ይሰማል። «ጨርቅ ቢሆን እጥፋቱን እለቅቀው ነበር» ይላሉ እትዬ፣ በዚያ ባለፉ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው።

አሁን ወደ ወንዙ ልውሰዳችሁ። ወንዝ የምንለው አክብረነው ነው። በበጋ ድመት እግሯን ሳታረጥብ ትሻገረዋለች፤ ክረምት ሲገባ የሰው በር ነቅሎ ይሄዳል። ዳርና ዳሩ ግን በጋም ሆነ ክረምት ገደል ነው። እንኳን ጉልበቱን የሚያመው ሰው፣ ፍየልም አስባበት ነው የምትወርደው። ማዶ ጤና ጣቢያው አለ፤ ትምህርት ቤቱም እዚያው ነው። ከእትዬ በረንዳ ፊት ለፊት ደግሞ፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት፣ የታላቅ እህታቸው ቤት አለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። የእትዬ ዘመድ በዓይን ቅርብ፣ በእግር ሩቅ ናት፤ ለእንዲህ ያለው ተረት አልተገኘለትም።

ድሮ ከበረንዳው ሥር የእንጨት መሸጋገሪያ ነበር። እህትማማቾቹ ምሳ የሚበሉት አንድ ላይ ነው። ምሳ ሲደርስ ታላቂቱ ቀይ ፎጣ በረንዳዋ ላይ ታውለበልባለች፤ ታናሿ ሜትራቸውን እንዳንጠለጠሉ ይሻገራሉ። አንድ ክረምት ጎርፉ መሸጋገሪያውን ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማዶ ለመድረስ ዳገቱን ወጥቶ፣ አውቶቡስ ጠብቆ፣ በላይኛው መንገድ ዞሮ፣ ቁልቁል መውረድ ነው። እትዬ እንደ ምንም ደርሰው ሾርባው ሲቀርብ የመመለሻው አውቶቡስ ሰዓት ይሆናል። ቆመው ሁለት ማንኪያ ፉት ብለው ይሮጣሉ። ቤታቸውም ቢሆን አይቀመጡም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከስፌት መኪናው ጎን ቆመው ዳቦ ይገምጣሉ። «ብቻውን ገበታ የሚቀርበው የተቀጣ ነው» ይላሉ። ታላቂቱ ግን ዛሬም ምሳ ሲደርስ ቀይ ፎጣዋን ታውለበልባለች። ልማድ ነዋ። ታናሿም ከወዲህ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ያቺ ስብሰባ ላይ የምትወጣዋ እጅ ልምምዷን የምታደርገው እዚያ ነው።

ከተማው አደገ። ላይኛው መንገድ ሰፋ፤ ፎቅ በፎቅ ላይ ወጣ፤ አንድ ቀን የከተማው ፕላን ቢሮ አዲስ ካርታ ይዞ ለሕዝብ ውይይት ጠራን። ካርታው ግድግዳውን ሞልቶ ተሰቀለ፤ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ሮዙ እንደ አበባ ነው። የእግረኛ ድልድይም አለበት። የት? እላይ፣ ከአዲሶቹ ፎቆች ሥር፤ ሰው ዛሬም በአውቶቡስ በሚዞርበት ቦታ።

ያን ቀን እጅቱ ሰብሳቢው ወረቀቱን እስኪሰበስብ አልጠበቀችም።

«ትንሽ ተጨማሪ አለችኝ።»

«እትዬ፣ ገና እኮ አልጀመርንም! በምን ላይ ነው የሚጨምሩት?» አለ ሰብሳቢው።

«ካርታው ያምራል። መስኮት ላይ የተሰቀለ ቀሚስ ሁሉ ያምራል። ግን እኛ ላይ ተለክቷል ወይ?»

«ድልድይ እኮ አይለበስም፣ እትዬ።»

«ካልተለበሰ ለምን ጠበበን?»

አዳራሹ ሳቀ። ከቢሮው የመጣችው ኢንጂነር፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ያሰረች ወጣት ሴት፣ እሷም ሳቀች። ሰብሳቢው ግን ከእትዬ ጋር ስንት ዓመት የታገለ ሰው ነው፤ የያዛቸው መሰለው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ይህ ነገር የግል ጉዳይ የለበትም?» አለ በስብሰባ ድምፁ።

ሰው ሁሉ ወደ እትዬ ዞረ። እሳቸው ግን ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው በእጃቸው ጠቀለሉት።

«አለበት እንጂ! እህቴ ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ከቤት መውጣት ካቆመች ቆየች። ምሳ ትሠራለች፣ እኔ ወዲህ ማዶ ቆሜ ሽታውን እበላለሁ። ያንተ ሚስት ለጤና ጣቢያ ዞራ ዞራ እግሯ አብጦ የለ? ያም የግል ጉዳይ ነው። የማንም የግል ጉዳይ የሌለበት ድልድይ ሠርታችሁ ማን ሊሻገርበት ነው?»

ሰብሳቢው ሚስቱን አየ። ሚስቱ ከሦስተኛው ረድፍ አየችው። ወረቀቱን አገላብጦ ወደ ኢንጂነሯ ዞረ።

«እሺ፣ ቅዳሜ መጥቼ ቦታው ላይ እንለካዋለን» አለች ኢንጂነሯ። «ከሆነ ካርታው ይስተካከላል። ካልሆነ ግን ላይኛው ቦታ ይጸናል፤ ተስማማን?»

ቅዳሜ ሰፈሩ እንዳለ ወንዙ ዳር ወጣ። ማዶኞችም ከማዶ ተሰለፉ። ኢንጂነሯ ባለሦስት እግር መሣሪያዋን ይዛ መጥታለች፤ እትዬ ግን እስከዚያ መች ይጠብቃሉ? ነጭ ክር ድንጋይ ላይ አስረው ለጎረቤታችን ለብየዳ ሠራተኛው ሰጡት። ክንዱ እንደ መዶሻ ነው። አንዴ ወረወረ፣ ወንዝ ገባ። ደግሞ ወረወረ፣ የታላቂቱን የአበባ ማሰሮ ሰበረ።

«ምነው አንቺ ልጅ! ድልድይ ነው ጦርነት?» ብላ ጮኸች ታላቂቱ ከማዶ። እትዬ ስድሳውን ካለፉ ቆይተዋል፤ ለእሷ ግን ዛሬም «አንቺ ልጅ» ናቸው።

«እታለም፣ ክሩን ያዢው! በረንዳሽ ላይ እሰሪው!»

ታሰረ። ነጩ ክር በገደሉ ላይ ተወጠረ፤ ንፋስ ሲነካው እንደ ክራር ጅማት ተርገበገበ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላስችል ይለኛል፤ ዓይኔን አቧራ የገባበት መስዬ ጠረግኩ። እትዬ በጠመኔያቸው በረንዳቸው ጫፍ ላይ ክብ ምልክት አደረጉና ወደ ሰዉ ዞሩ። «ልክክ!» አሉ። «ከጫፍ እስከ ጫፍ። አንዲት ጣት አትተርፍ፣ አንዲት ጣት አትጎድል!»

ሰፈሩ አጨበጨበ። ኢንጂነሯ መሣሪያዋን ስታይ ቆየች። ከዚያ እርሳሱን ከፀጉሯ አወጣችና እጃቸውን በእጇ ያዘች።

«እትዬ፣ ቦታው በጣም ጥሩ ነው። አለቱ ይችላል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጨርቅ ሲቆርጡ ልክ በለኩት ላይ ነው የሚቆርጡት?»

«እንዴት ተደርጎ! ለስፌቱ፣ ለእጥፋቱ ማትረፍ አለብኝ እንጂ። አለዚያማ ልብሱ…»

ስፌት ለሚያስተምሯቸው ልጆች ዕድሜ ልካቸውን ሲጮሁ የኖሩትን ነገር ረስተዋታል። የድልድዩን ልክ ወስደው፣ የእጥፋቱን አላተረፉም።

«ድልድይም እንደዚያው ነው» አለች ልጅቱ ዝግ ብላ። «እግሩ መሬት ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ ደግሞ መውጫው ደረጃ አለ። ከማዶ ሜዳ አለ፣ ችግር የለም። ከዚህ ግን…» ጠመኔውን ከእጃቸው ተቀበለች። ከበረንዳው ጫፍ ጀምራ ወደ ውስጥ አሰመረች። መስመሩ ወንበሩን አልፎ፣ የጨርቅ መደርደሪያውን አልፎ፣ የስፌት መኪናዋ ፔዳል ሥር ደርሶ ቆመ። በረንዳው በሙሉ ሄዷል።

«ቤትዎ አይነካም። በረንዳው ግን ይፈርሳል። ቢሮው በጓሮ በኩል ምትክ ክፍል ይሠራልዎታል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሠራል። እምቢ ማለትም መብትዎ ነው። እምቢ ካሉ ወደ ላይኛው ቦታ እንመለሳለን።»

በሰፈራችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ እትዬ ተጨማሪ ተጨማሪ አልነበራቸውም። መኪናቸውን አዩ። ያቺ በረንዳ እንጀራቸው ናት፤ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ሰላም የሚላቸው፣ ሠርገኛ ሁሉ የሚለካው እዚያ ነው። ጠመኔ የነካውን ጣታቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ፤ እንደገና ጠረጉ።

«ምን አሉ?» አለች ታላቂቱ ከማዶ።

«በረንዳዬን ይፈልጋሉ!»

«ምኑን?»

«በረንዳውን! መኪናው ያለበትን!»

ታላቂቱ እጇን አወናጨፈች። «እንግዲያው ተዪው! አትስጪ! እኔ እንዲሁ እየጮህኩ እኖራለሁ!»

«እኔ ግን ጉሮሮዬ አልቋል፣ እታለም!»

ይህን ሲሉ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ወጣቸው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደ ወትሮዋ፣ ያቺ እጅ ከሕዝቡ መሐል ወጣች።

«ትንሽ ተጨማሪ አለችኝ» አሉ ለኢንጂነሯ። «ደረጃው ይለስልስ። እህቴ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ነው የምትወጣው። ሌላውን ቁረጡት።»

ይህችን ያህል አጭር ንግግር አድርገው አያውቁም። ሰብሳቢው ለማጨብጨብ እጁን አንሥቶ አየር ላይ ረሳው።

ወዲያው ግን አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ የጓሮው ክፍል እስኪሠራ መኪናው የት ይግባ? ባለሱቁ መደርደሪያው ሙሉ ነው። ብየዳ ሠራተኛው ቤት እሳት አለ፤ ጨርቅና እሳት አይስማሙም። ሰዉ እርስ በርሱ ሲተያይ፣ አንዲት እጅ ወጥታ አየሁ። የማን ናት ብዬ ተከትዬ ወደ ታች ስወርድ ከራሴ ትከሻ ጋር ተገናኘሁ።

«እኔ… ትንሽ ተጨማሪ አለችኝ» ስል ሰማሁ። «የእኔ ሳሎን መስኮቱ ሰፊ ነው። ብርሃን አለው።»

ሰብሳቢው ራሱ በአንድ በኩል፣ ብየዳ ሠራተኛው በሌላ በኩል ይዘው አስገቡልኝ። መጽሐፍ መደርደሪያዬ ወደ መኝታ ቤት ተሰደደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግጥም የምጽፈው ትርርርርር እየተባለብኝ ነው፤ ያውም አሁን ግድግዳ ሳይለየን። ደንበኛ ይገባል፤ ሠርገኛ ሳሎኔ ውስጥ ክንዱን ዘርግቶ ይለካል። እትዬ ደግሞ የጻፍኩትን ከትከሻዬ በላይ አንብበው «ይቺ ረዝማለች፣ ከዚህ ጋ ብታጥፋት» ይሉኛል። ክፋቱ፣ ባጥፋት ታምራለች።

ድልድዩ ተሠራ። የምረቃው ዕለት ከማዘጋጃ ቤት የመጡት እንግዳ ሪባኑን ሊቆርጡ ቢታገሉ መቀሱ እምቢ አለ። እትዬ ከኪሳቸው የራሳቸውን አውጥተው «በዚህ ሞክሩት፤ ያኛው ወረቀትም አይቆርጥ» አሏቸው። ሪባኑ ተቆረጠ፤ ጭብጨባው ገና ሳይበርድ እጅቱ ወጣች።

«ትንሽ ተጨማሪ አለችኝ። መደገፊያው ላይ ማታ ማታ የሚበራ…»

«አንቺ ልጅ! ሾርባው ቀዘቀዘ!»

ሁላችንም ዞርን። ከማዶ ቀዩ ፎጣ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። ሰብሳቢው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «ክብርት እትዬ፣ ተጨማሪውን ለሚቀጥለው ስብሰባ እናቆየው። ይሂዱ።»

ሄዱ። እኔም ለምስክርነት ተከተልኩ። በድልድዩ መሐል ቆመው ውኃውን ቁልቁል አዩትና ቀጠሉ። ከማዶኛው ደረጃ ራስ ላይ ታላቂቱ ምርኩዟን ይዛ ቆማለች። አልተሳሳሙም፤ ትናንት የተለያዩ ይመስል «የእጅሽን ጠመኔ ታጠቢ» ብላ ወደ ቤት አስገባቻቸው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን፣ ዳቦና የድንች ሾርባ ቀርቧል። ለእኔም ሦስተኛ ሳህን ወጣ። እትዬ ከልማድ የተነሣ ከጠረጴዛው ጎን ቆመው ማንኪያ አነሡ፤ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ።

«ምን ታያለሽ? አውቶቡስ የለብሽም» አለች ታላቂቱ። «ተቀመጪ።»

«እሺ፣ ብቻ ትንሽ…»

«ተቀመጪ!»

ወንበሩን ሳቡ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ተቀመጡ። እንዲህ ባለ ወግ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ቀሚሳቸውን ከሥራቸው አስተካክለው፣ እግራቸውን አንድ ላይ ገጥመው፣ ልክ ሰው ሲለካቸው እንደሚቆሙት ሠርገኞች ጸጥ ብለው። ትኩሱን ሾርባ አንዴ፣ ሁለቴ ፉት አሉ። ጭልፋው ሲዞር ማንጎራጎር ጀመሩ፤ «ማዶ ለማዶ ቆመን፣ ውኃ ቢለየን በመሐል…» ዳቦ ጎረሱ። ድንገት ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ታወሰችኝ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። «ሁለተኛዋ! መጣችልኝ!» እናም ጉንጫቸው ዳቦ እንደሞላ ሁለተኛዋን ስንኝ ከነዜማዋ ዘፈኗት።

አንዲት ቃል አልሰማንም።

«መጀመሪያ ዋጪ!» አለች ታላቂቱ።

ዋጡ። ጠበቅናቸው። ጣሪያውን አዩ፤ ማንኪያውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«አብራ ወረደች» አሉ። ሁለቱ እህትማማቾች እስኪያነቡ ሳቁ፤ ሾርባውም በዚያው ተጨለፈ። ሰዓቱን ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

የጓሮው ክፍል ካለቀ ቆይቷል። መኪናው ዛሬም እኔ ሳሎን ነው። እሳቸው አላነሡትም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ይህን የምጽፍላችሁ ጸጥታ ስላገኘሁ ነው፤ ምሳ ሰዓት ሆኖ ቀይ ፎጣ ስለተውለበለበ፣ እትዬ ማዶ ተቀምጠዋል።